ኮቪድ ይዞኛል፤ ፍልሰታን ልጹም? ጠበልስ ልሂድ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእናቴ ጋር በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት። ትኩሳትና ሳል ሲበረታብኝ ተመርምሬ ኮቪድ ተገኘብኝ። ሐኪሙ «ቤትሽ ሆነሽ አገግሚ» አለኝ። ግን ፍልሰታ ገብቷል። ጾሙን ልተወው? እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወርጄ ልጠመቅ ስል ሐኪሙ ከለከለኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ጠበል እያለ ክኒን መዋጥ እምነት ማነስ ነው» ይላሉ። እናቴ ስኳር አለባት።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እህቴ።

ጠበልና ክኒን አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ እንደሚድን ከነገረው በኋላ እንኳ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዟል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጠበል እንዲጠቀሙ አስተምረዋል። ስለዚህ ጠበሉን ሰው ያምጣልሽ፤ በራስሽ ኩባያ ጠጪ። እንጦጦ ግን አሁን አትሂጂ። የፍልሰታን ግፊያ ታውቂዋለሽ። ታክሲው ውስጥም ስንት አዛውንት ይሳፈራል። አውቆ በሽታ ይዞ ሰው መሀል መግባት እምነት አይባልም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ሕመምተኛን አያስገድድም። ጠዋት ብዪ፣ ውኃ በብዛት ጠጪ፣ አጥሚቱም ሾርባውም አይቅርብሽ። ወተትና እንቁላል ቢያስፈልግሽ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ጠይቂያቸው። ቅዳሴው ቢያመልጥሽ አትጨነቂ፤ ውዳሴ ማርያምሽን አልጋሽ ላይ ሆነሽ ድገሚ። እናትሽም በስኳር መድኃኒት ላይ ሆነው ያለ ሐኪም ምክር እንዳይጾሙ።

እኔን ያሳሰበኝ ክፍሉ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 13 ካህኑ ደዌ የተጠረጠረበትን ሰው 7 ቀን ለይቶ ያስቀምጠው ነበር፤ ራስን መለየት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ግን እንዴት ይለያል? በግቢው ባዶ ክፍል ካለ አንቺ እዚያ እደሪ። እናትሽን ወደ ዘመድ መላክ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ምናልባት ይዟቸው ከሆነ ሌላ ቤት ይዘው ይገባሉ። ባዶ ክፍል ከሌለ አልጋችሁን አራርቁ፤ ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ። መጋረጃ አየር አያግድም። የሚጠቅመው መስኮትና በር መክፈት ነው። የሱሉልታ የነሐሴ ብርድ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ጋቢ ደርቡና ክፈቱት። በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ፤ ጭስ ባይታይም መርዙ ይገድላል። ዕጣኑም ለጊዜው ይቅር፤ የታመመ ሳንባ ጭስ አይወድም። የጋራ ሽንት ቤቱንና ቧንቧውን ስትጠቀሚ ማስክሽን አታውልቂ፤ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ጠያቂ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ያመጡትን በር ላይ ያስቀምጡ፤ ወሬውን በስልክ አድርሱት። ቅር የሚለው ካለ ለአሥር ቀን ቅር ይበለው። የዓለም ጤና ድርጅት ምልክት ላለው ሰው ምልክቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 10 ቀን ተለይቶ መቆየትን ይመክራል። ነሐሴ 16ን ቤትሽ ብትውዪ እመቤታችን አትቀየምሽም።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በታዘዘልሽ መጠን ይበቃል። አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ አትዋጪ፤ ቫይረስ አይገድልም። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ቢያለሰልስ እሰየው፣ ሐኪም ግን አይተካም። ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከጨነቀሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ወይም ግራ መጋባት ከመጣብሽ፣ ጸሎት ላይም ብትሆኚ አቋርጠሽ ሆስፒታል ሂጂ። መንገድ ላይ ትጸልያለሽ። እናትሽ ላይ ግን ይህ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ሳል ወይም ትኩሳት የጀመራቸው ዕለት ይታዩ።