ሮቦት ለምትሰሩ ልጆቼ፦ ስህተቱን ያገኙት የኔታ ናቸው

ሰላም ልጆች እንዴት ናችሁ። ምክር ስጥ ስባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው፣ ምክንያቱም በቅርቡ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ፊት እንዴት እንዳፈርኩ ትዝ ስለሚለኝ፣ ከሰላሳ አመት በላይ ኮድ ሲጽፍ የኖረ ሰውዬ ማለት ነው። እሱኑ ላጫውታችሁ።

ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። የሮቦቲክስ ክለብ ገብታ አንድ አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ አንድ ሰርቮ (የታዘዘውን ያህል ብቻ የሚዞር) ሞተርና ባለ ሁለት መስመር ኤልሲዲ ስክሪን ይዛ መጣችና «ጋሼ ቅርስ ያለበት ፕሮጀክት ስሩ ተብለናል» አለችኝ። የመጀመሪያ ሀሳቧ ምን መሰላችሁ፣ መስመር ተከትላ የምትሄድ መኪና ሰርታ ካርቶን ማልበስና ካርቶኑ ላይ ላሊበላን መሳል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ካርቶኑን ስታነሱት መኪናዋ ያው መኪና ናት፣ ላሊበላ እዛ ጋ ምንም አይሰራም፣ ቀለም ብቻ ነው። እኔ በዚህ ነገር ትንሽ ነጭናጫ ነኝ፣ ባህላዊ ጥለት የተለጠፈበት ሁሉ የአገር ቴክኖሎጂ ሲባል ደሜ ይፈላል። ስለዚ «ራሱ የሚሰላ ነገር ፈልጊ» ብዬ ባሕረ ሐሳብን ነገርኳት፣ እሷም አንድ ሳምንት አስባ በአል ሲደርስ ትንሽ ደወል የሚመታ ሳጥን እሰራለሁ ብላ መጣች። ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች የአንዱ ስም መጥቅዕ ነው፣ ቃሉ ራሱ እኮ ደወል ማለት ነው፣ እሷ ይሄን ሳታውቅ ነው የደረሰችበት።

ባሕረ ሐሳብን ለማታውቁ፣ የአጽዋማትና የበአላት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው፣ ትውፊቱ ከእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። እኛ ፕሮግራመሮች ሞዱሎ የምንለው ነገር፣ አካፍሎ ቀሪውን መያዝ፣ ከላይ እስከታች እሱ ነው። 2016ን ውሰዱ። 5500 ስትደምሩበት አመተ አለሙ፣ ከአለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው፣ 7516 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ ቀሪ የለውም፣ ስለዚ ዘመነ ዮሐንስ። 7516 እና 1879 ተደምሮ ለ7 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 1 ይቀራል፣ 1 ማክሰኞ ነው፣ እውነትም የ2016 መስከረም 1 ማክሰኞ ነበር። 7516 ለ19 ሲገደፍ 11፣ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 10። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው 20፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 10። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፣ መጣ። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ ጥቅምት ላይ ይውላል፣ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነው፣ የቅዳሜ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 8፣ ሲደመር 18፣ የነነዌ ጾም መግቢያ የካቲት 18። 69 ቀን ጨምሩበት፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27። አለቀ። እንግዲህ ይሄን ያለ ወረቀት በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ ሰዎች ሰፈራችሁ ውስጥ አሉ።

ልጅቷ በአንድ ቀን ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ጻፈችው፣ ሀያ መስመር እንኳን አይሞላም። የ2016 ልክ ሆነ፣ ከዛ የተወለደችበትን 2005 ሞከረች፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 አለ፣ የድሮ ካላንደር አውጥተን አየን፣ ልክ ነው። አበቅቴና መጥቅዕም ተደምረው 30 መጡ። እኔም ሽማግሌው መነጽሬን አውልቄ «ጎሽ፣ ጨርሰሻል» አልኳት።

ግን ለማንኛውም እናሳያቸው ብላ አንድ መሪጌታ ጋ ይዛኝ ሄደች። እሳቸው ላፕቶፑን ዞር ብለው አላዩትም። «ፋሲካውንስ ካላንደርም ይነግረኛል፣ የ2005 መጥቅዕ ስንት ወጣልሽ?» አሏት። «11 የኔታ።» «12 ነው ልጄ። ወንበሩን ምን አደረግሽው?»

ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ 7505 ለ19 ሲካፈል ቀሪ የለውም፣ ኮዱ ደግሞ ከዜሮ ላይ አንድ ቀንሶ ወንበሩን −1 አደረገው። በሊቃውንቱ ደንብ ምንም ካልቀረ 19 እንደቀረ ይቆጠራል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 18 ነው። በ18 ሲሰላ አበቅቴ 18 መጥቅዕ 12። በኛ −1 ደግሞ ፓይተን አበቅቴን 19 መጥቅዕን 11 አደረገልን፣ እነሱም ተደምረው 30! መፈተሻችን ራሱ ተሸወደ። ፋሲካው ለምን ልክ መጣ ካላችሁ፣ በዛ አመት ጥቅምት 11 እሁድ ነው ተውሳኩ 7፣ ጥቅምት 12 ሰኞ ነው ተውሳኩ 6፣ በሁለቱም 18 ይመጣል። ስህተቱ ትክክለኛ መልስ ስር ተሸሽጎ ነበር ማለት ነው። ብዙ ኮድ አይቻለሁ፣ እንደዚ አይነት ግን ጥቂት ነው።

ቤት ገብተን ያንኑ ሳናስተካክል አርዱይኖው ላይ ጫንነው፣ እንዲሁ ለማየት። ስክሪኑ ላይ መጥቅዕ −19 አለ። ፓይተን ኔጌቲቭ ቁጥርን ለ30 ሲገድፍ ፖዘቲቭ ቀሪ ይሰጣል፣ አርዱይኖ የሚሰራበት ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ምልክቱን እንዳለ ይተወዋል። ላፕቶፕ ላይ የተደበቀው ማሽኑ ላይ ፈነዳ። ፈተና ላይ ብትጠየቁት በአምስት ደቂቃ የምትረሱት ነገር ነው፣ እሷ ግን አትረሳውም፣ የኔታ ፊት ነዋ።

ከዛ በኋላ የመጣውን ጣጣ ሁሉ አልዘረዝርም፣ ሁለት ሶስቱን ብቻ። አርዱይኖው በውስጡ ሚሊሰከንድ የሚቆጥርበት ቆጣሪ ከ50 ቀን ትንሽ ሲቀረው ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል፣ አመት ሙሉ በአል ጠብቅ ብትሉት አይችልም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉንም ይረሳል፣ ስለዚ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው የሰአት ቺፕ ገዛችለት። ቺፑን በፈረንጅ ሰአት ሞልታ ደወሉን «12 ሰአት» ላይ አድርጋ ተኛች፣ ጠዋት ዝም፣ ቀን 6 ሰአት ላይ ድው! ሳጥኗ አልተሳሳተችም እኮ።

ስክሪኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ይሄ ርካሹ ኤልሲዲ ግዕዝ ፊደል አያውቅም፣ ራሳችሁ የምትስሉት 8 ምልክት ብቻ በአንዴ ይይዛል፣ ያውም እያንዳንዱ አምስት በስምንት ነጥብ። «ኞ»ን በአምስት ነጥብ ስፋት እስኪ ሳሉ። ስትታገል ሳያት የኔ ዘመን ትዝ አለኝ፣ ያኔ አንዱ ቢሮ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ቢሮ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነበር፣ ሁሉም ሶፍትዌር ፊደሉን በገዛ ራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለአለም ፊደል ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ስርአት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። እና አቀማመጡን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ በ 4704። እያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ተሰጥቶታል። የ«ቢ» ቁጥር 4706 ነው፣ ለ8 ግደፉት፣ 2 ይቀራል፣ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ እያለ እስከ 6 ሳብዕ፣ 7 ደግሞ እነ ቧ። የየኔታ የፊደል ገበታ ማለት ነው፣ ስልካችሁ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ልጅቷ ይሄን ስነግራት «ይሄም መግደፍ ነው?» አለችኝ።

ቤተክርስቲያን አካባቢ ያላደጋችሁ ደግሞ ይሄ ለኛ አይሆንም እንዳትሉ። ገበጣ ጠጠር መዝራቱ ራሱ ዞሮ መግጠም ነው፣ ህጉ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት አያታችሁ ጋ ቁጭ ብላችሁ መሸነፍ አለባችሁ። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ክር የሚቆጥርበትን መንገድ ጠይቁ። ስትሄዱ ታዲያ «ዲጂታል ላደርግልዎት ነው» ብላችሁ አትሂዱ፣ እሳቸው ምን ጎደለባቸው? ያልገባኝን ያርሙኝ ብላችሁ ሂዱ፣ የሰራችሁትን ይዛችሁ፣ ባዶ እጅ ሳይሆን። ባዶ እጁን የሚሄድ ታሪክ ይነገረዋል፣ ኮድ ይዞ የሚሄድ ይታረማል።

ባለፈው ሳጥኗ ተስተካክላ የኔታ ጋ ተመልሰን ሄድን። ቀሪ የሌለው አመት ቀጥሎ የሚመጣው 2024 ስለሆነ እሱን ልታሳያቸው ነው። ቁልፉን እየተጫነች አመቱን አንድ በአንድ ትጨምራለች፣ 2019፣ 2020፣ እሳቸው አይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን በአንጓቸው ላይ ያስኬዳሉ፣ እሷ ገና 2022 ላይ ስትደርስ እሳቸው የ2024ን ፋሲካ «ሚያዝያ 24» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሳጥኗም ቆይታ 2024 ላይ ስትደርስ ሚያዝያ 24 አለች። «ዘገየች እንጂ ደህና ናት» አሉ የኔታ። አሁን በአንዴ አስር አመት የሚዘል ቁልፍ እየጨመረችላት ነው።