የዶሊ ፓርተን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣው በየትኛው ሰንጠረዥ ነው?

ጥያቄ፦ ዊትኒ ሂውስተን የተጫወተችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የራሷ ሥራ እንደሆነ ነበር የማውቀው። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ዘፈኑ የካንትሪ ዘፋኟ የዶሊ ፓርተን እንደሆነና ከዊትኒ በፊት ሁለት ጊዜ በአሜሪካ አንደኛ እንደወጣ ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ እንዴት ብዙ ሰው ሳያውቀው ቀረ? ዶሊስ ዊትኒ ከተጫወተችው ያገኘችው ጥቅም አለ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጓደኛዎ የነገረዎት እውነት ነው። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችው ዶሊ ፓርተን ናት። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በፖርተር ዋግነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ስትዘፍን ቆይታ ራሷን ችላ ለመውጣት በወሰነች ጊዜ ዋግነር ውሳኔዋን አልቀበል ስላላት፣ በክርክር ያልሆነላትን በዘፈን ልታስረዳው ጻፈችው። ብዙዎች የፍቅረኞች መለያየት አድርገው የሚሰሙት ይህ ዘፈን በመነሻው የሥራ ባልደረባ ስንብት መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1974 በነጠላ ዜማ ወጥቶ በዚያው ዓመት በጁን ወር የቢልቦርድ መጽሔትን የካንትሪ ዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥ መራ። በ1982 ደግሞ ራሷ ለተወነችበት ፊልም እንደገና ቀርጻው በኦክቶበር ወር ያንኑ ስፍራ ያዘ። በዚህም በአንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ የካንትሪውን ሰንጠረዥ የመራች የመጀመሪያዋ ድምፃዊ ሆነች።

ሳይታወቅ የቀረበትን ምክንያት ለማግኘት ግን «አንደኛ የወጣው በየትኛው ሰንጠረዥ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቢልቦርድ መጽሔት በየሳምንቱ የሚያወጣው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ አይደለም። የካንትሪው ሰንጠረዥ የሚለካው ዘፈኑ በካንትሪ አድማጮች ዘንድ ያገኘውን ተቀባይነት ሲሆን፣ «ሆት 100» የተባለው ዋናው ሰንጠረዥ ግን የሙዚቃ ስልት ሳይለይ በዚያ ዘመን የአገሪቱን ሽያጭና የሬዲዮ ስርጭት በአንድነት ይመዝን ነበር። በዚህ ምክንያት የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው በናሽቪል ከተማ የነገሠ ዘፈን በሌላው የአሜሪካ አድማጭ ጆሮ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። የዶሊ «ጆሊን» በ1974 መጀመሪያ ላይ በካንትሪው አንደኛ ሲሆን በ«ሆት 100» ከ60ኛ ደረጃ አላለፈም፤ በ1982 እንደገና የተቀረጸው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ም በካንትሪው አንደኛ ወጥቶ በዋናው ሰንጠረዥ 53ኛ ላይ ቆሟል። አንደኛነቱ ሐሰት አልነበረም፤ የአንድ ሰፈር አንደኛነት ነበር እንጂ።

ዊትኒ በ1992 «ዘ ቦዲጋርድ» ለተባለው ፊልም ስትጫወተው ግን ሁኔታው ሌላ ነበር። እሷ ቀድሞውንም የዋናው ሰንጠረዥ ንግሥት ነበረች፤ ፊልሙም በየአገሩ ታየ፤ ያለምንም የሙዚቃ መሣሪያ በብቸኛ ድምፅ የሚጀምረው አቀራረብም አድማጩን ገና ከመነሻው ያዘው። ዘፈኑ «ሆት 100»ን ለ14 ሳምንታት፣ የብሪታንያን ሰንጠረዥ ደግሞ ለ10 ሳምንታት መርቷል። ዊትኒ በ2012 ስታርፍም ወደ «ሆት 100» ተመልሶ 3ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ዶሊ ያገኘችው ጥቅም እጅግ ከፍተኛ ነው። ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ በ1970ዎቹ ኤልቪስ ፕሪስሊ ዘፈኑን ለመጫወት ፈልጎ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ቶም ፓርከር የዘፈኑ የባለቤትነት መብት ግማሹ እንዲሰጣቸው ጠየቀ፤ እሷም እያለቀሰች እምቢ አለች። በእኔ አስተያየት ከዚህ ዘፈን ያገኘችውን ገቢ የወሰነው ከሁለቱ አንደኛነቶች ይልቅ ይህ እምቢታ ነው። ምክንያቱም የአሜሪካ ሕግ መደበኛ የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈን ባሰሙ ቁጥር ለደራሲውና ለመብቱ ባለቤት እንዲከፍሉ ሲያስገድድ፣ ለድምፃዊው እንዲከፍሉ አያስገድድም። በእነዚያ 14 ሳምንታት የዊትኒ ድምፅ በአሜሪካ ሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የስርጭቱ ክፍያ ይሄድ የነበረው ወደ ዶሊ ነው (ነገሩ ለድምፃውያን ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል)። ከሸክላና ከሲዲ ሽያጭ ግን ሁለቱም የየድርሻቸውን ያገኙ ነበር።

ዶሊ በራሷ ድምፅ ዋናውን ሰንጠረዥ የመራችባቸውን ዘፈኖች ለመስማት ከፈለጉ፣ በ1981 አንደኛ የወጣውን «ናይን ቱ ፋይቭ»ንና በ1983 ከኬኒ ሮጀርስ ጋር የተጫወተችውን «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም»ን ያድምጡ።