ታንክ ሲወጣ አታጨብጭቡ

ልጆቼ፣

ታሪክ በማስተማር ነው ያረጀሁት። በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶና በኒጀር ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ብዙዎቻችሁ ደስ ብሏችሁ አይቻለሁ። በገዢ መማረር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የጋናን ታሪክ ስሙኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋና በ1957 ከእንግሊዝ ነጻ ስትወጣ መሪዋ ክዋሜ ንክሩማህ የብዙ አፍሪካውያን ተስፋ ነበሩ። በ1963 እዚሁ አዲስ አበባ መጥተው፣ አፍሪካ ሳትውል ሳታድር በአንድ መንግሥት ትተዳደር ብለው ተከራክረዋል። እኚሁ ሰው ግን ገና በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ የሚያሳስር ሕግ አውጥተው ነበር። በ1964 አገሪቱን የአንድ ፓርቲ አደረጓት። ለነጻነት የታገሉት አንጋፋው ጠበቃ ዳንኳ በ1965 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። መጮህ የነበረበት ያኔ ነው። ገዢን በድምፅ ማውረድ ሲከለከል፣ ሊያወርደው የሚችለው መሣሪያ የያዘ ብቻ ይሆናል።

በየካቲት 1966 ንክሩማህ ቻይና ሳሉ ወታደሩና ፖሊሱ ገለበጧቸው። አክራ ውስጥ ሕዝቡ ጨፈረ፣ ሐውልታቸው ፈረሰ።

ከዚያስ? በዓመቱ ከገልባጮቹ አንዱ የነበሩት ጄኔራል ኮቶካ በሌላ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገደሉ። በ1969 የተመረጡትን ቡሲያን በ1972 ኮሎኔል አቼምፖንግ ገለበጡ። አቼምፖንግን ደግሞ በ1978 የገዛ ጓደኞቻቸው አነሷቸው። በ1979 ተራ ወታደሮች አምፀው የአየር ኃይል መኮንኑን ሮውሊንግስን ከእስር አወጡና መሪ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሦስት የቀድሞ መሪዎች ተረሸኑ። አንዱ አፍሪፋ ናቸው፤ በ1966 ንክሩማህን ከገለበጡት መካከል የነበሩት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግድያውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። እናንተን የሚያክሉ ልጆች! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ያ ሁሉ ደም ፈስሶም፣ በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለተመረጠ መንግሥት ያስረከቡት ሮውሊንግስ በ1981 መጨረሻ ያንኑ መንግሥት ገለበጡ።

የ1992 ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንቱን ዘመን በሁለት ምርጫ ገደበ። ሮውሊንግስም ገደቡን አክብረው በ2001 ለተቃዋሚው ኩፎር አስረከቡ። ጋናውያን ዛሬም በኑሮ ውድነትና በሙስና ያማርራሉ። ነገር ግን በ2016 ፕሬዚዳንት ማሃማን በካርድ አወረዱ። እሳቸውም ሽንፈታቸውን አምነው ቤታቸው ገቡ። በ2024 እንደገና ተወዳድረው በካርድ ተመለሱ።