«ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ» ተብሎ ሳለ ያዘነ ሰው እምነቱ ጎድሏል?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እዚሁ ጎንደር የፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ከቀረ ወዲህ ቤቴ ቀዝቅዟል። ጾም ጸሎቱን አላቋረጥሁም፤ ደስታ ግን ከልቤ ጠፋ፣ እንቅልፍም የለኝ። ጓደኞቼ «ያመነ ሰው አያዝንም፤ ስለት ተሳል» ይሉኛል። ወንድሜ ደግሞ ሱቁ ገብቼ እንድሠራ ጠይቆኛል። ብገባ የእግዚአብሔርን ረድኤት መጠበቅ አቃተው አያሰኝብኝም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነኝ።

ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ በጌቴሴማኒም «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች» ብሏል። ታዲያ ያመነ አያዝንም የሚለው ትምህርት ከየት መጣ? የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ሰባት ቀን አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለው ቃል ያለበትን የፊልጵስዩስን መልእክት ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብበው። ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈው በእስራት ሳለ ነው። ምዕራፍ 2 ላይ የፊልጵስዩስ ሰዎች የላኩለት አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት እንደ ተቃረበ ይነግረንና እግዚአብሔር የማረው «በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨመርብኝ» ነው ይላል። አየህ፣ ደስ ይበላችሁ ያለን ሰው ራሱ ኀዘን ነበረበት። ያዘዘንም «በጌታ» ደስ እንዲለን ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚመጣ፣ እንግዳ ሲቀር የሚቀር ደስታ ሌላ ነው፤ ጌታ ለሐዋርያት «ደስታችሁንም የሚወስድባችሁ የለም» ያላቸው ከትንሣኤው የሚገኘውን ነው።

አንተ ለእንግዶች ስትተርከው የኖርኸውን ላስታውስህ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል፣ ንጉሡ አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠራት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ንብ ወጥቶ ጠላትን አባረረ እያሉ አባቶች ይተርካሉ። እንግዳውም ይደነቃል። ግን በተቃጠሉት ደብሮች ሲያስቀድሱ የነበሩት ምእመናን እምነታቸው ከሥላሴ ሰዎች ያነሰ ነበር? ማንም እንዲህ አይልም። የእግዚአብሔር ረድኤት የተረፈ ንብረት እየተቆጠረ አይለካም። ያንተም ሥራ መቀዝቀዝ እግዚአብሔር ፊቱን ለማዞሩ ምስክር አይሆንም።

ዳዊት የምትደግም ከሆነ መጨረሻው ላይ ከጸሎተ ነቢያት መካከል የዕንባቆምን ጸሎት ታገኛለህ። «ምንም እንኳ በለስም ባታፈራ፣ በወይንም ሐረግ ፍሬ ባይገኝ» ይልና ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጎቹን፣ ላሞቹን አንድ በአንድ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ነው «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለው። ነገ በለሷ ታፈራለች አላለም። ጥቂት ቀደም ብሎም መንቀጥቀጡን አልደበቀም። አንተም ማታ ስትጸልይ እንዲሁ አድርግ፤ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ፍርሃትህን በየስሙ ጠርተህ ለእግዚአብሔር ንገረው፤ «እኔ ግን» የሚለውን ከዚያ አስከትል። መጀመሪያ ላይ ልብህ ላይከተል ይችላል፤ ቢሆንም አትተወው። የንስሐ አባትህንም አማክረህ ወደ ቅዱስ ቁርባን ቅረብ፤ የትንሣኤውን ደስታ ከዚያ በላይ የምንቀምስበት ቦታ የለንም።

ስለት ምስጋና ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር መገበያያ ካደረግኸው ግን ባትሳል ይሻልሃል።

እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ሐኪም ቤት ሂድ። ጠበል መጠመቅህ ሐኪም ከማየት አያግድህም፤ ሐኪም ማየትህም ከጠበል።

ወደ ወንድምህ ነገር ስመጣ፣ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ለረድኤት መልአክ አልወረደለትም፤ የፊልጵስዩስ ሰዎች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ላኩለት፤ እርሱም ተቀብሎ «መልካም አደረጋችሁ» አላቸው። አንተ ርዳኝ እያልህ ስትለምን ወንድምህ ና ብሎሃል። ሌላ ምን ትጠብቃለህ? ሱቁ ግባ። እንግዳ ሲመለስ ፋሲል ግቢም የትም አይሄድብህም።