የአንባብያን ጥያቄ፦ በቲቤት አምባ የት ይታደር?

ጥያቄ፦ ቼንግዱ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በመስከረም መጨረሻ አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ስለሚመጡ አብረን ቲቤትን በመኪና ለመጎብኘት አስበናል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሁለት ዓይነት ጉዞ አቅርቦልናል፤ አንዱ በ5 ቀን ከላሳ እስከ ኤቨረስት ግርጌ ደርሶ የሚመልስ ሲሆን፣ ሌላው በጊያንሴና በሺጋትሴ በኩል ቀስ ብሎ የሚሄድና ዋጋው ከፍ ያለ የ8 ቀን ጉዞ ነው። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ይሁንና «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?» ይላሉ። የትኛውን እንምረጥ? መኪና ተከራይተን ብቻችንን መሄድስ አንችልም?

መልስ፦ ብቻችሁን መሄድ አትችሉም። የውጭ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ቲቤት ራስ ገዝ ክልል የሚገባው በተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት በኩል በሚወጣ ልዩ ፈቃድ ነው፤ ከላሳ ውጭ ለሚደረገው ጉዞም አስጎብኚ፣ መኪና ከነሾፌሩና ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። በቻይና የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ያለዎት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ያለ ፈቃዱ ወደ ላሳ በሚሄድ አውሮፕላን መሳፈር ስለማይቻል፣ የሁለታችሁንም የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ ሳምንታት አስቀድመው ይላኩ። ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የመስከረም መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር መጀመሪያ ጋር ይገጥማል፤ ይህም የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንት በመሆኑ መንገዱም ሆቴሉም የሚጨናነቅበት፣ የላሳው የፖታላ ቤተ መንግሥት መግቢያ ትኬትም እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነው። ጉዞውን ወደ ጥቅምት መጀመሪያ ብትገፉት ሰማዩ እንደዚያው ጥርት ያለ ይሆናል፤ የበዓሉም ግርግር ያልፋል።

አሁን ወደ አባትዎ አባባል እንመለስ፤ እውነት ያለበት አባባል ነውና። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ አርሶ አደሮች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ መገኘቱን አሳይተዋል። ይህም ከአንዲስ ተራሮች ሕዝብም ከቲቤታውያንም የተለየ የመላመድ መንገድ ነው። ነገር ግን ይህ ትውልድ ከትውልድ በዚያ ከፍታ ለኖሩ ሰዎች የተነገረ ነው እንጂ፣ በ2,400 ሜትር አካባቢ ያለችውን አዲስ አበባን ለለመደ ሰው በ5,000 ሜትር ላይ ዋስትና አይሆንም። በኤቨረስት ግርጌ ያለው የሮንግቡክ ገዳም ከራስ ዳሽን ጫፍ የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በዚያ ያለው የአየር ግፊትም በባሕር ወለል ካለው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ከሁለታችሁ ይበልጥ የከፍታ ሕመም ሊያጠቃ የሚችለው ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ቼንግዱ የሚኖሩትን እርስዎን ነው፤ የአዲስ አበባው ልማድ ቆላ በወረዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። አባትዎም ቼንግዱ ብዙ ሳይቆዩ ወደ ላሳ ቢወጡ ይሻላቸዋል። ዕድሜያቸው በራሱ የሚከለክላቸው አይደለም፤ የደም ግፊታቸውን ግን ከመነሳታቸው በፊት ለሐኪማቸው አሳይተው፣ አሴታዞላማይድ የሚባለው የከፍታ መድኃኒት ከሚወስዱት ጋር ይስማማ እንደሆነ ይጠይቁ። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

የ8 ቀኑን እንድትመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቴም የምታድሩበት ከፍታ ነው። የታወቀው የሕክምና ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት ባሉበት እንዲታደር ነው። ላሳ 3,650 ሜትር ላይ ስለሆነች የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሌሊቶች እዚያው አሳልፉ፤ በመጀመሪያው ቀን የጆካንግን ቤተ መቅደስ ከሚዞሩት ምእመናን ጋር በቀስታ ከመራመድ ያለፈ ነገር አታድርጉ። ከዚያ ወደ ጊያንሴ የሚወስደው መንገድ ወደ 4,800 ሜትር በሚጠጋው በካምባ ላ በር («ላ» በቲቤትኛ የተራራ መተላለፊያ በር ማለት ነው) ሲያልፍ የያምድሮክ ሐይቅ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። በሩ ላይ የጸሎት ባንዲራዎች በገመድ ተወጥረው ነፋሱ ያንገላታቸዋል፤ ከመኪና ወርዶ ወደነሱ ጥቂት እርምጃ ሽቅብ የተራመደ ሰው የልቡን ምት በጆሮው ይሰማል። ቀጥሎ ያለው ካሮ ላ 5,000 ሜትር ግድም ሲሆን፣ የበረዶ ግግሩ ከመንገዱ በላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ማታ ግን የሚታደረው ከ4,000 ሜትር በታች ባለችው ጊያንሴ ስለሆነ፣ ሰውነት ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ይላል፤ ይህ ለመላመድ እጅግ ይረዳል። ጊያንሴ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 በመድፍ ደብድበው የያዙት ምሽግና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ በፎቅ ላይ ፎቅ የተደራረቡ ባለ ሥዕል ጸሎት ቤቶች ያሉበት ኩምቡም የሚባለው መቅደስ ይገኙባታል፤ የ5 ቀኑ ጉዞ ይህን ሁሉ ዘሎ ማለፉ በጣም ያሳዝናል። በሺጋትሴም እ.ኤ.አ. በ1447 የተመሠረተው የታሺልሁንፖ ገዳም አለ።

ከድርጅቱ ጋር ልትከራከሩበት የሚገባው ከሺጋትሴ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ብዙ ድርጅቶች 3,840 ሜትር ላይ ካለችው ሺጋትሴ አንስተው በዚያው ቀን ሮንግቡክ ያሳድራሉ፤ ይህ ከ1,100 ሜትር በላይ ጭማሪ ነው። በ4,300 ሜትር አካባቢ ባሉት በሸጋር ወይም በቲንግሪ እንዲያሳድሯችሁ፣ ወደ ሮንግቡክም ማለዳ ወጥታችሁ በዚያው ቀን እንድትመለሱ ጠይቁ፤ ውሉ ላይም ይጻፍ። በተራራው ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ ታመልጣችኋለች፤ ነገር ግን ጠዋት ደመናው ያነሰ ነው፤ ቱሪስት ከገዳሙ አካባቢ ወደ ላይ እንዲያልፍም ስለማይፈቀድ ሌላ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ይህን አጥብቄ የምለው በዚያ አገር ለታመመ ሰው ቶሎ መውረድ ቀላል ስላልሆነ ነው፤ ወደ ሺጋትሴ ለመመለስ ከ5,200 ሜትር በላይ ያለውን ጊያጾ ላን እንደገና መሻገር ግድ ይላል። ራስ ምታትና የእንቅልፍ ማጣት ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ ምልክቱ እስኪያልፍ ወደ ላይ መውጣት ማቆም ነው። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታበት ሰው ግን በሌሊትም ቢሆን ኦክስጅን ተሰጥቶት ወደ ዝቅተኛ ቦታና ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። መኪናው የኦክስጅን ሲሊንደር መያዙን ላሳ ሳላችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ስለ አስጎብኚያችሁም አደራ እላለሁ። በስደት ስላሉት የቲቤታውያን መንፈሳዊ መሪ ስለ ዳላይ ላማና ስለ ፖለቲካ በመኪናም ሆነ በገዳም አትጠይቁት፤ እናንተ አገራችሁ ስትገቡ የንግግሩ መዘዝ የሚቀረው እሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው የምጽፈው። ወደ ቲቤት መሄድ የምችለው በዐቢይ ጾም ወቅት ብቻ ነው። ምን እበላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቀኑን ያጣሩ፤ የውጭ ጎብኚዎች ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች ስለሚቋረጥ፣ የሚቀርዎት የጾሙ መጨረሻ ይሆናል። በላሳና በሺጋትሴ የሲቹዋን ምግብ ቤቶች ስለሞሉ ሩዝ፣ ቶፉና በዘይት የተጠበሰ አትክልት አይጠፋም፤ የእንስሳት ስብ እንዳይጨመር አስጎብኚው ለምግብ አብሳዩ ይንገርልዎ። ከከተማ ሲወጡ ግን ሁሉም ነገር ያክ የሚባለው ጸጉራም የደጋ ከብት ቅቤና ሥጋ ነው፤ ሻዩ ሳይቀር በቅቤና በጨው ይናጣል። የሚያድንዎት ጻምፓ ነው። ጻምፓ ከተቆላ ገብስ የሚፈጭ ዱቄት ሲሆን ከእኛ በሶ ጋር አንድ ነው፤ ቲቤታውያን በእንጨት ሳህን ውስጥ በቅቤ ሻይ ላይ ይነሰንሱትና ሳህኑን በአንድ እጅ እያዞሩ በሌላው ጣት እያሹ ይጨብጡታል። እርስዎ በሙቅ ውኃ ወይም ቅቤ በሌለው ሻይ ያሹት። በ5,000 ሜትር ላይ ውኃ በ83 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም፤ በሶ ግን እሳት አይፈልግም። ዱቄቱን ላሳ ገበያ ገዝተው፣ ለየቀኑ የሚበቃዎትን በትናንሽ ከረጢት ከፋፍለው ይያዙ።