የብረት ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ስትገጥም ለኧርዙ ብሎኑን አትመን

ወንድሜ፣ የፕላስቲኮቹን ሶኬቶችና ማብሪያ ማጥፊያዎች አንስተህ ፊታቸው ብረት የሆኑትን ልትገጥም ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሳጥንም ብረት ነው። ጥያቄህ «ኧርዙን (ወደ መሬት የሚሄደውን የደህንነት ሽቦ) ሶኬቱ ላይ ካሰርኩት ሳጥኑ በብሎኖቹ በኩል አያገኘውም ወይ?» የሚል ነው። ብዙ ሳጥን ከፍቼ ስላየሁ ያየሁትን ልንገርህ።

ያገኘው ይሆናል፣ ግን አትመነው። ብሎኑ የሚገባበት ጆሮ ብዙ ጊዜ ቀለምና ጀሶ ለብሷል፣ ወይም ዝጓል። በአንዳንዱ ሳጥን ደግሞ አንደኛው ጆሮ ወዲያና ወዲህ እንዲንቀሳቀስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በደንብ አይነካም። ሶኬቱን ፈትተህ ባወጣኸው ቁጥር ደግሞ ሳጥኑ ያለ ኧርዝ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሳጥኑ የኧርዝ ብሎን ወደ ሶኬቱ የኧርዝ ማሰሪያ አጭር አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሳብ። ማብሪያ ማጥፊያውም የብረት ፊት ካለው እንደዚሁ ነው፤ የራሱ የኧርዝ ማሰሪያ አለው፣ ባዶውን አትተወው።

ለምን እንዲህ አጠብቃለሁ? አንድ ጊዜ የከፈትኩት ሳጥን ውስጥ ሽቦው ተጨናንቆ ታጥፎ፣ የመያዣው ብሎን የፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ሽፋን በስቶ መዳቡ ድረስ ገብቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን የብረቱ ፊት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ኧርዝ ካለ ብዙ ከረንት በአንድ ጊዜ ይፈስና ብሬከሩ ይወርዳል፣ አንተም ችግር እንዳለ ታውቃለህ። ኧርዝ ከሌለ ግን ሰው እስኪነካው ድረስ ምንም ምልክት የለም። 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ (ከረንት ሲያፈስ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ) ቢኖርህ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የኧርዝ ምትክ አይደለም።

ስለዚህ አገጣጠሙም የደህንነት ጉዳይ ነው። ሽቦዎቹን ወደ ሳጥኑ ጀርባ በሥርዓት አጥፋቸው፣ ከብሎኖቹ መንገድ አርቃቸው። ራቁቱን የኧርዝ ሽቦ አረንጓዴና ቢጫ ሽፋን አልብሰው። ስፒናውን ስትነቅል አብሮ የሚወዛወዝ ሶኬት በየቀኑ ማሰሪያዎቹን ያላላል፣ የላላ ማሰሪያ ደግሞ ይግላል፣ ግሎም ፕላስቲኩን ያቀልጣል። የሚወዛወዘው ሳጥኑ ራሱ ከሆነ የሶኬቱን ብሎን ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ሳጥኑን በፊሸር እንደገና ግድግዳው ላይ እሰረው። ሳጥኑ ወደ ውስጥ ከገባ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ግን ያው የሆነ ብሎን ተጠቀም። የእንጨት ብሎን በግድ አታስገባበት፣ ጆሮውን ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ብሬከሩን አውርድና ሽቦዎቹ የሞቱ መሆናቸውን በማልቲሜትር አረጋግጥ። ገጥመህ ስትጨርስም ብሬከሩን ሳታነሳ ከቦርዱ (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) የኧርዝ ማሰሪያ ረዥም ሽቦ ሳብና የብረት ፊቱ ድረስ መስመሩ መገናኘቱን ለካ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሳጥኑ ውስጥ ኧርዝ ካላገኘህ የኧርዙን ማሰሪያ ከኒውትራል (ከረንቱን ከሚመልሰው ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ አታገናኘው። ይህን የሚመክሩ አሉ። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ግን የብረቱ ፊትና የሰካኸው ዕቃ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናሉ። የውሃ ቧንቧም ኧርዝ አይደለም፣ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ ሊኖር ይችላል። ኧርዝ ከቦርዱ በትክክል እስኪሳብልህ ድረስ የብረቱን ፊት አትግጠም፤ ለማብሪያ ማጥፊያው የፕላስቲኩ ይቆይ፣ ሶኬቱ ላይም የብረት አካል ያለው ዕቃ አትሰካበት።