ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የኮቪድ ክትባቱን አሁን ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 27 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 11 ሳምንት ሆኖኛል። ባንክ ውስጥ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ነኝ። በ2014 በዘመቻው ጊዜ አንዴ ጆንሰን ተከትቤ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልወሰድኩም። ሰሞኑን ለክትትል ስሄድ የኮቪድ ክትባት ነገር ተነሳና ግራ ገባኝ። አማቴ «ሆድሽ ውስጥ ልጅ እያለ መርፌ እንዳትወጊ» አሉኝ። አንዷ ጎረቤታችን ያኔ ተከትባ በሳምንቱ ጽንሱ ወርዶባታል። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ደግሞ «እዚህም ለነፍሰ ጡር አቁመዋል» ትለኛለች። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ከብዙ ሰው ጋር ይገናኛል። አሁን ልውሰድ? ልጠብቅ? ወይስ ከወለድኩ በኋላ ይሻለኛል?

መልስ፦ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ እህቴ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ከዚያ እናወራለን። ሌላ ሕመም ከሌለብሽ ክትባቱን 20ኛው ሳምንት አካባቢ፣ አምስተኛ ወርሽ ላይ ውሰጂው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ፣ ወይም ኤችአይቪ በደምሽ ካለ ግን አምስተኛ ወርን አትጠብቂ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ አንሺውና ውሰጂ። እስክትወልጂ ማቆየቱን አልመክርሽም። ከጠቀስሻቸው ሦስት አማራጮች ደካማው እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር በእያንዳንዱ እርግዝናዋ አንድ ዶዝ እንድትወስድ ይመክራል። በየትኛውም ወር መውሰድ ትችላለች፣ የሚመረጠው ግን የእርግዝናው አጋማሽ ነው ይላል። ለምን አጋማሹ? መርፌውን ከተወጋሽ በኋላ ሰውነትሽ በቂ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታውን የሚዋጋ መከላከያ፣ እስኪያመርት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ያ አንቲቦዲ አንቺን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጅሽ ይሻገራል፣ እርግዝናው እየገፋ በሄደ ቁጥር ደግሞ የሚሻገረው መጠን ይጨምራል። በሌላ በኩል አንቲቦዲ ለዘለዓለም አይቆይም፣ ወራት እያለፉ ሲሄዱ እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ በጣም ቀድመሽ ብትወስጂው መውለጃሽ ሲደርስ ከፊሉ ቀንሶ ይጠብቅሻል፣ ምጥ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ብትወስጂው ደግሞ ወደ ልጁ የሚሻገርበት ጊዜ የለም። አምስተኛና ስድስተኛ ወር ለሁለታችሁም ይመቻል።

ከወለድሽ በኋላ ስትወስጂውስ? አንቺ ትጠበቂያለሽ፣ ብታጠቢም ችግር የለውም። ልጅሽ ግን ትልቁን ድርሻ አጥቷል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የሚሰጥ የኮቪድ ክትባት የለም። በጡት ወተት ትንሽ አንቲቦዲ ያልፋል፣ ሆኖም ልጁ ሆድ ውስጥ ሳለ በእንግዴ ልጁ በኩል እንደሚሻገረው በደሙ አይዞርም። እነዚያ የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ሕፃን በኮቪድ ሲያዝ ሆስፒታል የመተኛት ዕድሉ ከሌሎች ልጆች ከፍ የሚልባቸው ናቸው።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊጠብቁ ነው የሚናገሩት። ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፣ ባለቤትሽን ወይም ታናናሾቹን ሲያረግዙ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወግተው እንደሆነ። ምናልባት ተወግተዋል። አንቺም በክትትልሽ ትወጊዋለሽ። ያ መርፌ ነፍሰ ጡር የምትወጋው በአብዛኛው ለልጁ ሲባል ነው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን በእትብቱ በኩል በሚገባ ቴታነስ እንዳይሞት እናቱ አንቲቦዲ ታወርሰዋለች። የኮቪዱም መንገድ ይኸው ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቀን በሁለቱ ክንድሽ ብትወጊም ይቻላል።

አሁን ስለ ጎረቤትሽ እናውራ። ጥያቄሽን ሳነበው ከሁሉም በላይ ያስፈራሽ እሱ መሰለኝ። ሐዘኗን አላቃልልም፣ በጣም ከባድ ነው። ነገር ግን ከታወቁ 10 እርግዝናዎች ውስጥ 1 ወይም 2 በራሳቸው ጊዜ ይቋረጣሉ። ኮቪድ የሚባል ነገር ሳይኖርም እንዲሁ ነበር። አብዛኞቹ የሚቋረጡት ከ12ኛው ሳምንት በፊት ሲሆን በብዙዎቹ ምክንያቱ ጽንሱ ገና ሲፈጠር ክሮሞዞሙ (ዘረ መሉን የሚሸከመው ክፍል) ላይ የነበረ ችግር ነው እንጂ እናትየዋ የበላችው፣ የተሸከመችው ወይም የተወጋችው ነገር አይደለም። በአንድ ሰሞን ብዙ ነፍሰ ጡሮች ሲከተቡ፣ ያለ ክትባቱም ጽንሱ ሊወርድባቸው የነበሩ ሴቶች ከመካከላቸው መኖራቸው አይቀርም። መርፌው ደግሞ ከአእምሮ አይጠፋም፣ ሰው ሁለቱን ያገናኛል። የእውነት መገናኘታቸውን ማወቅ የሚቻለው ብዙ ሴቶችን ጎን ለጎን በማየት ብቻ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንስ የወረደባቸውን ሴቶችና እርግዝናቸው የቀጠለውን አወዳድረው በቅርቡ የተከተቡት ከየትኞቹ ይበዛሉ ብለው አዩ። ልዩነት አልተገኘም። በሌሎች አገሮች የተሠሩ ጥናቶችም ክትባቱ ውርጃን፣ የአካል ጉድለትን ወይም ያለጊዜ መውለድን እንደማይጨምር ነው ያሳዩት።

ጎረቤትሽን ካገኘሻት እባክሽ ይህንን ንገሪያት። «ልጄን ያሳጣሁት እኔ ነኝ» እያሉ ራሳቸውን ለዓመታት የሚቀጡ እናቶች አጋጥመውኛል። ያንን ሸክም ማንም ሊሸከመው አይገባም።

እርግዝናዋን ሳታውቅ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት የተከተበችም ካለች አትደንግጥ። አንቺን እስከ አምስተኛ ወር ጠብቂ የምልሽ ክትባቱ ጽንሱን ስለሚጎዳ አይደለም። ጊዜው ለልጁ ስለሚሻል ነው፣ በዚያ ላይ አሁን ማቅለሽለሹም ድካሙም የሚበረታበት ወቅት ነው።

የአሜሪካው ወሬ ደግሞ ግማሹ ትክክል ነው። በግንቦት 2017 የአገሪቱ የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጤናማ ለሆኑ ነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው ምክር መነሳቱን አስታወቁ። ክትባቱ ነፍሰ ጡርን እንደሚጎዳ የሚያሳይ አዲስ ጠንካራ ማስረጃ ተገኝቶ ግን አይደለም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚባለው የሙያ ማኅበር ወዲያው ተቃውሞ ለነፍሰ ጡር መምከሩን ቀጥሏል። እኔም ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን ጊዜው ተለውጧል። በ2013 ክረምት ብትጠይቂኝ ኖሮ «ዛሬውኑ ሂጂ» ነበር የምልሽ። ያኔ ዴልታ የሚባለው ዝርያ ነበር። በስኮትላንድ ከታህሳስ 2013 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በተሰበሰበ መረጃ በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ነፍሰ ጡሮች ከ100 98ቱ ያልተከተቡ ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ሰው ወይ ታሞበታል ወይ ተከትቧል ወይ ሁለቱንም፣ አሁን ያሉት ዝርያዎችም እንደዚያ አያጣድፉም። ለዚህ ነው ጤነኛ ከሆንሽ እስከ አምስተኛ ወር መጠበቅ ትችያለሽ የምልሽ። ሆኖም እርግዝና ራሱ አልተለወጠም። ሆድሽ ሲገፋ ሳንባሽ ቦታ ይጠበዋል፣ ልብሽም ከወትሮው ይበልጥ ይደክማል፣ ስለዚህ ኮቪድ ከበረታ ነፍሰ ጡርን ከእኩዮቿ ይበልጥ ይጥላታል። ያለጊዜው መውለድን፣ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊትን፣ ሲከፋም ልጁ ሆድ ውስጥ መሞትን ይጨምራል። አንቺ ደግሞ የመጨረሻ ዶዝሽን ከወሰድሽ ዓመታት አልፈዋል።

የክትባቱ ዓይነትስ? ምርጫ ካለሽ ፋይዘር ወይም ሞደርና ይሁን። በነፍሰ ጡር ላይ በብዛት የተጠኑት እነሱ ናቸው። ውስጣቸው ሕያው ቫይረስ የለም። በውስጣቸው ያለው ኤምአርኤንኤ የሚባለው ነገር ክንድሽ አካባቢ ላሉ ሴሎች ትእዛዝ ሰጥቶ በቀናት ውስጥ ይበታተናል፣ ወደ ዘረ መልሽም አይገባም። ያኔ የወሰድሽው ጆንሰን ጉዳት አላደረሰብሽም፣ አትጨነቂ፣ ግን ያ ዓይነት በጣም አልፎ አልፎ፣ በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ፣ የደም መርጋት ስላስከተለ ሌላ እያለ እሱን አልመርጥልሽም። ከዚህ በፊት በክትባት ወይም በመርፌ ጉሮሮሽ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮሽ የሚያውቅ ከሆነ ሳትወጊ በፊት ተናገሪ።

ሰሞኑን በምርመራ የተረጋገጠ ኮቪድ ይዞሽ ከነበረ ቢያንስ በደንብ እስክታገግሚ ጠብቂ። ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሚጨመር እርግዝናሽ የደረሰበትን ወር አይቶ ሐኪምሽ ይወስናል።

አሁን በጣም የማሳስብሽ ነገር፣ ምክንያቱም ያለነው ድሬ ነው። ከተወጋሽ በኋላ ክንድሽ ያምማል፣ ድካምና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትም ሊመጣ ይችላል። ትኩሳቱን ዝም ብለሽ አትቻይው። ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ 6 ሰዓት እያሳለፍሽ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ጉበትሽ ላይ ችግር ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ። በዚህ ሙቀት ላይ ትኩሳት ሲጨመር ሰውነት ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ ውኃ በብዛት ጠጪ። ጾም ላይ ከሆንሽ በዚያ ቀን አትጹሚ፣ ወይም ክትባቱን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ አድርጊው።

ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈው ግን «የክትባቱ ነው» ብለሽ ቤት አትቀመጪ። እኔን የሚያስፈራኝ ከክትባቱ ይልቅ ይሄ ነው። ድሬዳዋ ወባ አለ፣ ደንጊ አለ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት እንዳመሰው ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2014 ደግሞ እዚህ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ረግረግ አያስፈልጋትም፣ ግቢያችን ባለው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ቀን ያለፈ ወይም ብርድ ብርድ እያለሽ የሚመላለስ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሄደሽ የደም ምርመራ አድርጊ። ጤና ጣቢያም ሂጂ፣ ድል ጮራም ሂጂ፣ ሳቢያን ሆስፒታልም ቅርብሽ ነው፣ ብቻ አትዘግዪ። «ከጥቂት ቀናት በፊት ተከትቤያለሁ» ማለትሽንም አትርሺ።

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ በራስሽ ገዝተሽ አትውሰጂ። ለነፍሰ ጡር አይመከሩም፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ ደግሞ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። አስፕሪንም እንዲሁ ነው፣ ሐኪም ለደም ግፊት ብሎ በትንሽ መጠን ካዘዘልሽ ግን እሱን አታቋርጪው። ዳማከሴ መታጠኑን ወይም ማሽተቱን አልከለክልሽም፣ ጨምቆ መጠጣቱ ግን ይቅር፣ ጤና አዳምንም በእርግዝና አትጠጪ።

ከክትባት ጋር ይያያዝም አይያያዝም፣ ደም ከታየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከጀመረ በኋላ ከቀነሰብሽ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

አንድ የሚደረግ ነገር ልጨምር። ክትባቱ ሁልጊዜ ሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም፣ አንዱ ብልቃጥም ለብዙ ሰው ስለሚሆን ሰው ሰብስበው በአንድ ቀን ሊከፍቱት ይችላሉ። ስለዚህ 20ኛው ሳምንት እስኪደርስ ዝም አትበዪ። አራተኛ ወርሽ ላይ ለክትትል ስትሄጂ የትኛው ክትባት እንዳለና መቼ እንደሚሰጥ ጠይቂ፣ የ2014ቱን የክትባት ካርድሽንም ይዘሽ ሂጂ። በዚያ ሰሞን ካልተገኘ እስከ መውለጃሽ ድረስ ሲገኝ መውሰድ ትችያለሽ፣ አጋማሹ አለፈ ብለሽ አትተዪው። እስከዚያው ባንክ ውስጥ መስኮት ክፈቱ፣ የሚያስል ደንበኛ ፊትሽ ሲቆም ማስክ አድርጊ። ባለቤትሽም ከመስመር ሲመለስ ጉንፋን ብጤ ከያዘው እስኪሻለው ለብቻው ይተኛ፣ አንቺም ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረሽ በመጀመሪያው ቀን ተመርመሪ።